የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ሳይጣራ የተቋራጩ ሰርተፊኬት አይፈረም

ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ሥራና ሥልጠና መምሪያ
ለምዕራብ ጎጃም ዞን ሥራና ሥልጠና መምሪያ
በሁለቱም ዞኖች የመንግሥት ግንባታ ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በመንግሥት ገንዘብ በሚሠሩ ግንባታዎች የቀን ሠራተኛ አከፋፈልና ደኅንነት በጨረታ ሰነድና በውል ውስጥ እንዲገባ ስለመጠየቅ

በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በሞጣ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ግንባታዎች ላይ ፎርማን፣ ታይም ኪፐር (የሠራተኛ ሰዓት መዝጋቢ)፣ ግንበኛና ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆነን የምንሠራ ሰዎች ነን። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም የጎርፍ መውረጃ ሲሠራ አፈሩን የሚዝቀው፣ አሸዋውን የሚያመላልሰው፣ ሲሚንቶውን ተሸክሞ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ ነው። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ተቋራጩ የክፍያ ሰርተፊኬት (ለሠራው ሥራ ገንዘብ የሚጠይቅበትን ሰነድ) ሲያቀርብ የቀን ሠራተኞቹ ክፍያ ተጣርቶ አብሮ ይቅረብ፤ ይህም ከጨረታ ሰነዱ ጀምሮ ይጻፍ።

ስለ ቀን ሠራተኛ ሲነሣ ወሬው ወዲያው «ቀኑ ስንት ነው?» ወደሚለው ይሄዳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው እያጠና የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ ያ ግን በዞን የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። በእናንተ እጅ ያለው ሌላው ግማሽ ነው። የተስማሙበት ቀን በትክክል ይቆጠር፣ የተቆጠረው በወቅቱ ይከፈል፣ የተከፈለው ሳይሸራረፍ ባለቤቱ እጅ ይግባ፣ ሰውየውም ጠዋት እንደ ወጣ ማታ በጤና ቤቱ ይግባ ነው የምንለው።

ሒሳቡን በምሳሌ እናሳይ። ቀኑ 400 ብር ነው እንበል፤ ለስሌት እንዲመች የወሰድነው እንጂ የየትኛውም ከተማ ዋጋ አይደለም። ሥራው ከ2 እስከ 6 እና ከ7 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት፣ በሰዓት 50 ብር። ሰኞ ሠራተኛው ከመጣ በኋላ ሲሚንቶ አልገባም ተብሎ ይመለሳል፤ ቀኑ አልተያዘለትም። ረቡዕ 8 ሰዓት ላይ ዝናብ ይጥላል፤ አምስት ሰዓት ሠርቶ «ግማሽ ቀን» ይጻፍለታል። ዓርብ ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) ይሞላና እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይቆያል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ የለፋበት አራት ሰዓት በምግብና በለስላሳ ይታለፋል። ሠራተኛውን ሰብስቦ ያመጣው ካቦ ደግሞ «እኔ ነኝ ያስገባሁህ» ብሎ ከተያዘለት ቀን ሁሉ 20 ብር ያነሣል። ቅዳሜ ማታ ሰውየው እጅ የሚገባው 1,700 ብር ነው።

አሁን በሕጉ እንቁጠር። አዋጁ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በዕቃ አቅርቦት መቋረጥ ወይም በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን ያገኛል ይላል፤ ስለዚህ ሰኞ ይከፈላል። ረቡዕን የሠራበትን አምስት ሰዓት ብቻ ብንይዝለት እንኳ 250 ብር ነው። የዓርቡ ትርፍ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ስለሆነ በአንድ ተኩል ተባዝቶ በሰዓት 75፣ በጠቅላላው 300 ብር ይመጣል። ድምሩ 2,550 ብር ነው። ልዩነቱ በአንድ ሳምንት 850 ብር። የቀኑን ዋጋ ከ400 ወደ 450 ብናሳድገው በተያዘለት አራት ቀን ተኩል ለዚህ ሰው የሚጨመረው 225 ብር ብቻ ነበር። ደጋግመን «አቆጣጠሩን እንያዝ» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ በክፉ ሰው የሚመጣ አይደለም። አብዛኛው የሚወሰነው ጨረታው ሲሞላ ነው። የዓርቡን ሶሌታ እንውሰድ። 200 ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 30 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። አንድ የ350 ሊትር ሚክሰር በባሬላ እየተመገበ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሜትር ኩብ ቢያወጣ ነው። መሐሉን ብንይዝ 12 ሰዓት ይፈጃል። አርማታ ደግሞ መሐል ላይ አይቆምም፤ ትናንት የቆመውና ዛሬ የተጨመረው አይዋሃዱም፣ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ያስገባል። እንግዲህ የዚያ ቀን አራት ትርፍ ሰዓት ድንገት የመጣ አይደለም፤ ዲዛይኑ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በወረቀት ላይ የሚታይ ነው። ተቋራጩ ግን ዋጋ ሲሞላ ስምንት ሰዓት ብሎ ይሞላል፣ ምክንያቱም ትርፍ ሰዓቱን አስቦ የሞላው ተወዳዳሪ ይሸነፋል። ሶሌታ ሲሞላ በግ ማረድ ያባቶች ወግ ነው፣ ይቀጥል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን ለብቻው ይሂድ።

የሥራውን ክብደት ለማያውቅ ሰው ቁጥሩን እናስቀምጥ። በ1፡2፡3 ቡኬት (አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር) ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢገባ ሰባት ከረጢት አለፍ ይላል፤ ለ30 ሜትር ኩብ 216 ከረጢት። በእያንዳንዱ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል፣ በጠቅላላው 1,080 ሳጥን። 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 40 ሊትር ይይዛል፤ በአሸዋ ሲሞላ 60 ኪሎ ገደማ ነው። አሸዋና ጠጠሩ ብቻ ወደ 65 ቶን ይጠጋል፣ ሁሉም በሰው ክንድ። ከአንደኛ ፎቅ በላይ ለሚሞላ አርማታ ሆይስት ወይም ዊንች (ዕቃ ወደ ላይ መሳቢያ) በጨረታው ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ ዋጋ ይሰጠው የምንለው ለምቾት አይደለም፤ ሥራ በጀመረ በዘጠነኛውና በአሥረኛው ሰዓት የደከመ ሰው ባሬላ ይዞ መወጣጫ ላይ የሚያዳልጠው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው እንመለስ። ሰርተፊኬቱን ከሠራተኛው ሒሳብ ጋር ለማያያዝ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ካርድ ነው። ከደብተር ሽፋን ወረቀት የተቆረጠ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ። የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የሠራተኛው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የቀኑ ዋጋ፣ የሚከፈልበት ቀንና መንገድ፣ ሥራው የሚቆይበት ጊዜ ይጻፍበታል። አሠሪው ከፈረመበት ይኸው ካርድ አዋጁ በጽሑፍ ውል ላልተያዘ ሠራተኛ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጥ የሚለውን ደብዳቤ ይተካል፤ ለዚህ ሌላ ወረቀት ማብዛት አያስፈልግም። ከጀርባው 31 መስመር ይኑር፤ በየቀኑ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ከስምንት ሰዓት ካነሰ ምክንያቱ (ዝናብ፣ ዕቃ፣ የራሱ ፈቃድ)። ታይም ኪፐሩ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ በቢክ እስክሪፕቶ ይፈርማል። ካርዱ ከሠራተኛው ጋር ያድራል፣ ታይም ሺቱ (የሁሉም ሠራተኞች የሰዓት መዝገብ) ቢሮ ይቀራል።

የሚበላሽበትን እናውቃለን። አንደኛው በእርሳስ መሙላት ነው፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ላጲስ ይመጣል። ሌላው ባዶ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ማስፈረም ነው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ ያስነኩትና ቁጥሩን በኋላ ይሞሉታል። ስለዚህ ቁጥሩ ያልተሞላ ፔይሮል ላይ ማስፈረም በውሉ ላይ በግልጽ ይከልከል፤ ክፍያው ከመሰጠቱ በፊት ስምና መጠኑ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የሌለ ሰው ስም መግባቱም አለ፤ ይህ የሚጎዳው ሠራተኛውን ሳይሆን መንግሥትን ነው፣ ግን በዚሁ ካርድ ይያዛል።

ክፍያው በየ15 ቀኑ ይሁን፤ ሒሳቡ ከተዘጋ በሦስት ቀን ውስጥ ይከፈል። ገንዘቡ ለካቦ በጅምላ አይሰጥ። ሕጉም ደመወዝ ለሠራተኛው ወይም ሠራተኛው ራሱ ለወከለው ሰው በቀጥታ ይከፈል ነው የሚለው። ቴሌብር ወይም ባንክ ላለው በዚያ ይላክለት፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ በእጅ፣ ሁለት ምስክር ባለበት። ካቦ አያስፈልግም አላልንም። ከሲናን፣ ከአነደድ፣ ከቢቡኝ ሰው ሰብስቦ የሚያመጣ፣ የሚያስተባብር ሰው ሥራ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከተቋራጩ ኪስ እንደ ረዳት ፎርማን ይከፈለው እንጂ ከጎረቤቱ ልጅ ቀን ላይ አይነሣ። «አካፋ ሰበርህ»፣ «ባሬላ ጣልህ» እየተባለ የሚቆረጠውም እንዲሁ ነው፦ በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማበት በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሰርተፊኬት ላይ ከመፈረሙ በፊት ሥራ ቦታው ላይ ካገኛቸው ሠራተኞች አምስቱን እሱ ራሱ መርጦ ካርዳቸውን ከፔይሮሉ ጋር ያመሳክር። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ተቋራጩ መርጦ ያቀረባቸውን አምስት ሰዎች ከተቀበለ ግን ማመሳከሩ ዋጋ የለውም። ልዩነት ከተገኘ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰርተፊኬቱን በሙሉ ማገድ ቁጣ ያበርድ ይሆናል፣ ሆኖም ተቋራጩ ገንዘብ ካላገኘ ቀድሞ የሚራበው ያው የቀን ሠራተኛ ነው። እኛ የምንመክረው የጎደለውን እጥፍ ብቻ ይዞ ሌላውን መልቀቅ ነው። የተያዘው ሠራተኞቹ ሲከፈላቸው ይለቀቃል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተከፈላቸው መሥሪያ ቤቱ ከያዘው ላይ በቀጥታ ይክፈላቸው። ለመጨረሻው ሰርተፊኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ የሚሆነው የመያዣ ገንዘብ ያለ ደመወዝ ማጣሪያ አይመለስ። ሥራ ሲያልቅ ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ ሠራተኛው የማን በር ያንኳኳል?

ተቋራጮቹም የሚሉት አላቸው፣ እውነታቸውን ነው። የሠሩበት ገንዘብ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት ለወራት ሲዘገይ የሚከፍሉት ያጣሉ። ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። ውል ሲፈረም እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ከእሱ ላይ የሁለት ወር የቀን ሠራተኛ ክፍያ የሚሆነው በተለየ ሒሳብ ይቀመጥና የመንግሥት ክፍያ ሲዘገይ ብቻ ከዚያ ይከፈል፤ ክፍያው ሲመጣ ይተካ። ያን ጊዜ «አልተከፈለኝም» የሚለው ምክንያት ይቀራል።

ቁርጥ ሥራ ለብቻው መታየት አለበት፤ ቁፋሮ በብዛት የሚሰጠው በቁርጥ ነውና። አንድ ጎልማሳ በቀን ከለስላሳ አፈር ሁለት ሜትር ኩብ ገደማ ሊቆፍር ይችላል፤ ድንጋይ ሲያጋጥመው ግማሹንም ላያደርስ ይችላል። ሲዋዋሉ ሁሉም መሬት ለስላሳ ነው፣ ሲለካ ሁሉም ድንጋይ። መፍትሔው ከመቆፈሩ በፊት የሜትር ኩቡ ዋጋ ለለስላሳ፣ ለጠንካራና ለድንጋይ ተለይቶ መጻፉ ነው። ለውኃ መቅዳትና አፈር አርቆ ለመጣል በቀን ሒሳብ ይከፈል። ልኬቱ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት በሜትር ይሁንና ወረቀቱ ለሁለቱም ይድረስ። ዋጋው የተቆረጠው ሥራ በትጉህ ሰው የስምንት ሰዓት ልፋት ከቀን ሒሳቡ በታች የሚያስገኝ ከሆነ ዋጋው ተሳስቷል ማለት ነው።

የሴቶቹን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ውኃ የምትቀዳው፣ አሸዋ የምትዝቀው፣ ባሬላ የምትይዘው ሴት በብዙ ቦታ ከወንዱ ያነሰ ቀን ይቆረጥላታል። የባሬላውን አንድ ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዞ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው አስቀምጧል። ፔይሮሉ ላይ የሥራው ዓይነት ይጻፍ እንጂ ጾታ የዋጋ መለያ አይሁን። ለሴቶች የተለየ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ ደግሞ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ይሠራ፤ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጣሪያ ከተመታ በኋላ ነው።

ስለ ደኅንነት ዕቃ አንድ የሰነድ ስሕተት አለ። በብዙ ሰነድ ላይ «የደኅንነት ዕቃ፣ በጥቅል» ተብሎ በአንድ መስመር ይገባል። ተቋራጩ በመጀመሪያው ሰርተፊኬት ሙሉውን ይወስዳል፤ ሄልሜቶቹ ለምረቃና ለጉብኝት ብቻ ይወጣሉ። በጥቅል መሆኑ ቀርቶ በሰውና በወር ይለካ፦ በዚህ ወር 35 ሠራተኛ ሄልሜት፣ ቦቲና ጓንት አድርጎ ከታየ የ35 ሰው ወር ይከፈላል፣ ካልታየ አይከፈልም። አርማታ የሚነካ ሰው የጎማ ጓንት ነው የሚያስፈልገው። የጨርቅ ጓንት የሲሚንቶውን ውኃ መጥጦ ቆዳው ላይ ስለሚያቆየው ከባዶ እጅ የባሰ ያቆስላል። ድንጋይ ለሚጠርብ የዓይን መነጽር ግድ ነው።

ርብራቡ በእኛ አገር በባሕር ዛፍ ነው፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጠባዩን ማወቅ ይፈልጋል። ቅርፊቱ ሳይላጥ በጥቁር ሽቦ ከታሠረ ሲደርቅ ቅርፊቱ ይለቅና ማሠሪያው ይንሸራተታል። እርጥብ ሆኖ ጫፉ ላይ ሲመታ በምስማሩ መስመር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተልጦ፣ ጥቂት ደርቆ፣ ውፍረቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ምሰሶ ይመረጥ፤ ምሰሶዎቹ ከ2 ሜትር በላይ አይራራቁ። መቆሚያው 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ በ1 ሜትር ከፍታ መደገፊያ ይምጣለት፣ ከግርጌው ዕቃ እንዳይወድቅ 15 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ይመታ። ማሠሪያው በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋትና ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁሉ ይጠበቅ።

ቁፋሮው ላይ የሚያሠጋው መረሬው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ ደረቅና ጠንካራ ይመስላል፤ አንድ ቀን ዝናብ በስንጥቁ ከገባ ግን ግድግዳው በጅምላ ይገለበጣል። ጥልቀቱ 1.50 ሜትር ያለፈ ጉድጓድ ጎኑ ተጋድሞ ይቆረጥ፣ ወይም በጣውላ ይደገፍ። የተቆፈረው አፈር ከአፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በዝናብ ማግስት ፎርማኑ ዙሪያውን ሳያይ ማንም አይግባ።

ሰው ሲጎዳ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ «በፔይሮል የለም፣ አላውቀውም»። ካርዱ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሕክምና ወጪው በአሠሪው ነው፤ ሳይሠራ በሚቆይበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን ያገኛል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከገጠር መጥቶ በሰኔ ለእርሻ የሚመለስ ሰው ሐምሌና ነሐሴን በማሳው አሳልፎ በጥቅምት ሲመጣ ብዙው መብቱ አልፎበታል። መምሪያዎቹ ግንቦት ላይ፣ ሠራተኛው ሳይበተን፣ ባለሙያ ወደ ሥራ ቦታው ልካችሁ አቤቱታ ብትቀበሉ ይህ ይቀራል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙው ሠራተኛ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። በእነዚያ ቀናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ በመሐል 30 ደቂቃ አርፎ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ቢቆም ስምንቱ ሰዓት ይሞላል፤ ሲሚንቶ ማውጣቱና ሙሌቱ በጠዋት ያልቃል። ገንዘብ አያስወጣም። ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውኃ በሰው ቢያንስ 4 ሊትር ይቅረብ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከዚያም በላይ።

ሦስትና አራት ዓመት ረዳት ሆኖ ግንብ የሚገነባ፣ ፌሮ የሚያጥፍ፣ ነገር ግን በረዳት ቀን የሚከፈለው ብዙ ሰው አለ። የዞኖቹ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውን በክረምት፣ ግንባታ ሲቀዘቅዝ፣ ለእነዚህ ሰዎች ቢሰጡና ያለፈው በካርዱ ላይ ሙያተኛ ተብሎ ቢጻፍ ዋጋውን ራሱ ይደራደራል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጨረታው በክረምት ወጥቶ ሥራው ዝናብ ሲያቆም በጥቅምት ይገባል። ሰነዱ ከታተመ በኋላ ተጫራቹ ዋጋ ስለሚሞላበት አንቀጽ መጨመር ያስቸግራል። ስለዚህ የካርዱ፣ የፔይሮሉና የማመሳከሪያው ቅጽ፣ በሰውና በወር የሚለካው የደኅንነት ዝርዝር፣ የሶሌታ ቀን ትርፍ ሰዓትም ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ እስከ ሰኔ 30 በሰነዱ ውስጥ እንዲገቡ እንጠይቃለን። ለመጀመሪያው ዓመት በየዞኑ አምስት ፕሮጀክት ይበቃል፤ ቢቻል አንዱ ከከተማ የራቀ ትምህርት ቤት ይሁን፣ ቅጹ መሐንዲሱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚደርስበት ቦታም መሥራቱ የሚታየው እዚያ ነውና። ቅጾቹን ለማዘጋጀትና ታይም ኪፐሮችን ለማሠልጠን ያለ ክፍያ እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ
ለሁለቱ ዞኖች ገንዘብ መምሪያዎች
በሁለቱ ዞኖች ለሚሠሩ ተቋራጮችና አማካሪ መሐንዲሶች